ጋሽ ብሆንና የልጄ የመጀመሪያ ወይን ጠጅ

እህል ያልቃል፣ ምንጭ ይነጥፋል፣ የሰው ትዕግሥትም አንድ ቀን ይሟጠጣል። በዚህ ዓለም የማያልቅ ነገር ቢኖር ማንም ያልጠየቀው ሰው ምክር ነው። አማካሪ የሌለበት ሰፈር አለ የሚለኝ ካለ፣ ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ አማካሪው ራሱ ነው።

የእኛን ሸለቆ አማካሪ ጋሽ ብሆን እንላቸዋለን። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን ከመታወቂያቸው በቀር የሚያስታውሰው የለም። "እኔ ብሆን ኖሮ" ሳይሉ ወሬ ጀምረው ስለማያውቁ ብሆን ሆነው ቀሩ። በዕድሜ እኔ እበልጣቸዋለሁ፤ ቢሆንም ጋሽ እላቸዋለሁ። ሰው ያን ያህል ሲመክር ኖሮ ጋሽ እንኳ ሳይባል ቢቀር ግፍ ነው።

ሸለቋችን ትንሽ ናት። ላይኛው ማሳ ያስነጠሰውን ታችኛው ማሳ ያለው ሰው "ይማርህ" ይለዋል። ከዳር እስከ ዳር ወይን ነው። አብዛኛው ሰው ፍሬውን ለፋብሪካው መኪና ይሸጣል፤ ጥቂቱ ደግሞ በየምድር ቤቱ ራሱ ጠምቆ፣ ራሱ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ለሚመጡ ቀማሾች ያቀርባል። ጠርሙሱ ጥቂት ነው፣ ወሬው ብዙ ነው። የጋሽ ብሆን ማሳ ከእኛው ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ታዲያ እሳቸው ከማሳቸው ይልቅ አጥሩ ላይ ይውላሉ።

ክቡርነታቸው የማይመክሩት ሥራ የለም። ጥርስ ሊያስነቅሉ ሄደው አፋቸው ተከፍቶ፣ መርፌው ድዳቸው ላይ ተሰክቶ፣ በእጃቸው ምልክት ሐኪሙን መክረውታል። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ መጨረሻው ላይ "ጋሼ፣ ጥርሱ የእርስዎ ነው፣ ጉጠቱ ግን የእኔ ነው" አላቸው። አውቶቡስ ላይ ከሾፌሩ ኋላ ካልተቀመጡ ያማቸዋል። ሙሽራ ሊመርቁ ተነሥተው "እኔ ብሆን ኖሮ ትንሽ እቆይ ነበር" ያሉ ጊዜ፣ የሙሽራዋ አባት ወንበር ይዘው ሲነሡ ሰው በመሃል ገባ።

የባለቤቴ ቀብር ላይ እንኳ አልተዉም። ነፍሱን ይማረውና፣ ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ወደ ቆፋሪዎቹ ጠጋ ብለው "እኔ ብሆን ኖሮ ወደዚያ ወደ ጥላው አደርገው ነበር። እሱ እኮ ፀሐይ አይወድም" አሏቸው። በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። ለቀስተኛው ደንግጦ አየኝ፤ እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። ግን እውነታቸውን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወይን ሲተክል የኖረ ሰው ፀሐይ ሲጠላ ያየሁት የእኔን ባል ብቻ ነው።

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናት። ስትሰፋ እግሯ መርገጫው ላይ፣ ምላሷ ባሏ ላይ ነው። የቤታቸው ጣራ ያፈሳል፤ ሲያፈስ ስንት ክረምት እንዳለፈው እኔም ረስቻለሁ። አንድ ቀን ቀሚስ ላስጠብብ ሄጄ፣ ጠብታው ባልዲ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ቀና ብላ አየችውና "እኔ ባል ብሆን ኖሮ ጣራዬን አድስ ነበር" አለች። ጋሽ ብሆን ከውጭ ሆነው "ቆርቆሮ የሚመታው በዚህ ወቅት አይደለም" አሉ። በየትኛው ወቅት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገሩም።

የእኛና የእሳቸው ነገር የተጀመረው ባለቤቴ በሕይወት እያለ፣ ወይኑ በሚገረዝበት ወቅት ነው። ወይን ጨክነው ካልገረዙት ያብዳል። ባለቤቴ መቀሱን ይዞ ሲወጣ ጋሽ ብሆን አጥሩ ላይ ነበሩ።

"እኔ ብሆን ኖሮ አልጨክንበትም" አሉት። "ቅርንጫፍ በበዛ ቁጥር ዘለላ ይበዛል። ሒሳብ ነው።"

ባለቤቴ የዋህ ነው፤ ሰማቸው። በዚያ ዓመት ማሳችን ለፎቶግራፍ ያምር ነበር። ቅጠል በቅጠል፣ ለምለም፣ መንገደኛ ቆሞ የሚያየው። ከሥሩ ግን ዘለላ ፍለጋ በእጅና በጉልበት ዳህን። የተገኘውም ፍሬ አተር የሚያክል፣ ጥርስ የሚያጠርስ ነበር። የፋብሪካው ሰውዬ አንዷን ቀምሶ ሣጥኑን በእግሩ ወደ እኛ ገፋው።

ከዚያ ወዲያ ባለቤቴ ዘዴ አበጀ። "የጋሽ ብሆን ምክር እንደ ካፖርት ነው" ይለኝ ነበር፤ "ገልብጠሽ ስትለብሺው ያሞቃል።" እናም ማንኛውም ትልቅ ሥራ ሲመጣ አጥሩ ጋ ሄዶ በአክብሮት ይጠይቃቸዋል፤ እሳቸውም በአክብሮት ይመክሩታል፤ ከዚያ ተመልሶ ያሉትን ገልብጦ ይሠራል። ውሃ ልቀቅ ካሉት ይዘጋል። ቅጠል አታሳሳ ካሉት ያሳሳል። ነገሩ ሲሠራ ያየ ጎረቤት ሁሉ ተማረው። ብዙም ሳይቆይ መድኃኒት ሊረጭ የሚያስብ፣ ሽቦ ሊወጥር የሚያስብ፣ ሁሉም ጋሽ ብሆን አጥር ጋ ደርሶ ሳይጠይቅ ሥራ አይጀምርም። እሳቸው የሸለቆው ምሰሶ የሆኑ መሰላቸው። ሆነውም ነበር፣ በተዘዋዋሪ።

አንድ ጊዜ ብቻ ዘዴው ከዳን። ለቤት የምንጠምቃት በርሜል ነበረችን። ጋሽ ብሆን "እኔ ብሆን ኖሮ እስከ አፏ እሞላት ነበር፤ ወይን ጠጅ አየር ካገኘ ይኮመጥጣል" አሉ። ባለቤቴ ገልብጦ አጎደላት። ስንከፍታት አቼቶ ሆናለች። ዓመቱን ሙሉ ሰላጣ በላን። ባለቤቴ ግን ዘዴውን አልጠረጠረም። "ሰው ነውና አንዳንዴ ተሳስቶ ልክ ይናገራል" አለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጋሽ ብሆን አንድም ቀን አላሳፈሩንም፤ ሁልጊዜ ስህተት።

ባለቤቴ ካለፈ በኋላ ትንሿ ልጄ ከከተማ ተመለሰች። የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ወንበር ነበራት፤ የሚሽከረከር ወንበር። ትታው መጣች። "የአባዬ ወይን ከሰው ሁሉ ወይን ጋር ተደባልቆ በመኪና እየተጫነ እስከ መቼ? በራሳችን ምድር ቤት ጠምቄ በስሙ አወጣዋለሁ" አለች። ትልቁ ልጄ ደግሞ ወይኑን ነቅሎ የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠራበት አስቦ ነበር። ክፉ ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ኪራይ ይከፍላል፣ ወይን ግን በረዶ ይመታዋል ነው ነገሩ። ሁለቱ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ። አንድ ምርት። ከመጀመሪያው ምርት ለሰው የሚቀርብ ወይን ጠጅ ከወጣ ሐረጉ ይኖራል። ካልወጣ ይነቀላል፣ እሷም ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። እኔ ሳህኖቹን አነሣሁ።

ያን ዓመት ልጄ ከሳች። ምድር ቤቱን አጠበች፣ ኖራ ቀባች፣ መጭመቂያ ተዋሰች፣ በርሜሎች ገዛች። ፍሬው ምን ያህል እንደጣፈጠ የምታይበት ትንሽ ቱቦም አመጣች፤ ጭማቂ ጠብ አድርጋበት በአንድ ዓይኗ ወደ ፀሐይ ትመለከታለች። ጋሽ ብሆን አጥሩ ላይ ሆነው ትንሽ አዩዋትና "እኔ ብሆን ኖሮ ለሁለት ዓይን አድርጌ እሠራው ነበር" አሉ።

መልቀሚያው ደረሰ። ዘለላው ጠቁሮ፣ አቧራ የነሰነሱበት መስሎ ተንጠልጥሏል። ቱቦው ግን ትንሽ ፀሐይ ይቀረዋል ይላል። ደህና፣ ይጠበቃል። ችግሩ ከጋራው ኋላ ደመና መቆለል መጀመሩ ነው። የበሰለ ወይን ዝናብ ከጠጣ ቆዳው ይፈነዳል፤ ከፈነዳ ደግሞ ሻጋታ ነው። ቀድማ ብትለቅም ቀጭን ውሃ ውሃ የሚል ጠጅ ሊወጣት ነው። ብትጠብቅና ቢዘንብ ምንም ላይወጣት ነው። ሬዲዮኑ ደመናው ወደ ሌላ ወገን ያልፋል አለ። ልጄ ምሳዋን ትታ፣ ደጅ ወጥታ፣ ገብታ፣ እንደገና ወጥታ፣ በመጨረሻ እንደ አባቷ ወደ አጥሩ ሄደች። እኔም ከኋላዋ ተከተልኩ።

"ጋሼ፣ ምን ይሻለኛል? ልልቀም ወይስ ልጠብቅ?"

ጋሽ ብሆን ሰማዩን አዩ። በአጥሩ አሻግረው አንዲት ፍሬ ቀነጠሱ፣ አኘኩ፣ ዘሯን መዳፋቸው ላይ ተፍተው አገላብጠው አዩ። ከዚያ ዝም አሉ። በሕይወቴ ጋሽ ብሆን ያን ያህል ዝም ሲሉ አላየሁም፤ የታመሙ መስሎኝ ልጠይቃቸው ነበር።

"እኔ ብሆን ኖሮ" አሉ በመጨረሻ፣ "እስከ ሰኞ እጠብቅ ነበር። ምን ያስቸኩላል?"

ልጄ አመስግና ዞረች፤ ጥቂት እንደራቅን እጄን ጨበጠችው።

"እማዬ፣ ነገ ጠዋት እንለቅማለን!"

"ተሳስተው ልክ ቢሆኑስ?" አልኳት። አቼቶው ትዝ ብሎኝ ነው።

"አባዬ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?"

"ይለቅም ነበራ።"

"በቃ።"

በቃ አልን እንጂ ለቃሚ ከየት ይምጣ? ሠራተኞች የተነገራቸው ለሰኞ ነው። ያለነው እሷ፣ ጉልበቴ የማይታጠፍልኝ እኔና አንዲት የእህቴ ልጅ ነን። ማሳው ደግሞ በሦስት ሴት የሚያልቅ አይደለም።

ጎሕ ሲቀድ በሩን ስከፍት፣ ጋሽ ብሆን በራችን ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ልብስ ሰፊዋ፣ ወንዶች ልጆቻቸው፣ ምራቶቻቸው፣ የምራቶቻቸው እህቶች። ሣጥን በሣጥን ላይ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ሰው እጅ ላይ መቀስ አለ፤ መቀሶቹ ደግሞ ተስለው ያብረቀርቃሉ።

ልጄ ፀጉሯን ሳታበጥር ወጣች። ሣጥኖቹን አየች፤ እሳቸውን አየች።

"ጋሼ፣ ትናንት ጠብቂ አላሉኝም?"

"ብዬሻለሁ።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው?"

"ታዲያማ አትጠብቂም ብዬ ነዋ!" አሉ ተቆጥተው። "የአባትሽ ልጅ አይደለሽ? እሱ ስንት ዘመን ያልኩትን እየገለበጠ ሲሠራ ዓይኔ አያይም? አጥሩ እኮ ሽቦ ነው፣ ግንብ አይደለም!"

ልብስ ሰፊዋ "ንገራቸው እንግዲህ፤ እኔን እንቅልፍ ከምትነሣኝ" አለች።

"በግረዛው ተሳስቻለሁ" አሉ ጋሽ ብሆን፣ ባርኔጣቸውን እያዞሩ። "አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ከዚያ ማንም ቀጥ ብሎ የሰማኝ የለም። በርሜሉን ሙላ አልኩት፤ አጎደለው። አቼቶ ስትበሉ ሳይ አንጀቴ አረረ። ከዚያ በኋላ ምን ላድርግ? እውነቱን አስቤ አገኝና ገልብጬ እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ትገለብጡታላችሁ፤ ተቃንቶ ይደርሳችኋል። አሁን ሰማዩን ተመልከቱ። ቆመን እናውራ ወይስ እንልቀም?"

ለቀምን። ያን ቀን ጋሽ ብሆን ማንንም አልመከሩም። ጎንበስ ብለው፣ ዘለላውን በግራ እጃቸው ደግፈው፣ አንገቱን ቆርጠው፣ እንደ ሕፃን እያስተኙ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬበት የተበላሸውን ፍሬ እለቅማለሁ። ልጄ በአጠገቤ ሣጥን ተሸክማ ስታልፍ "እማዬ፣ አባዬ ይህን ሳያውቅ ሞተ" አለችኝ። እኔ እንጃ። ከዚያች በርሜል በኋላ ባለቤቴ አጥሩ ጋ ደርሶ ሲመለስ ፈገግ ይል እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ግን ፈገግታ ብዙ ምክንያት አለው።

የመጨረሻው ሣጥን ምድር ቤት ገብቶ በሩ ሳይዘጋ ዝናቡ መጣ። መጣ ከማለት ወደቀ ማለት ይሻላል። ሰኞም ዘነበ፣ ከሰኞ በኋላም ዘነበ። እኛ ምድር ቤት ፍሬውን ስንጨምቅ ላያችን ላይ እንደ ከበሮ ይመታ ነበር። ሌላው ጎረቤት ሁሉ ጋሽ ብሆንን ጠይቆ፣ ጠብቁ ተብሎ፣ ገልብጦ ለቅሞ ነበርና ተረፈ። ልጄ ግን አንድ ሰው ትዝ ብሏት ክው አለች። ከላይ ማሳ የገዙት ጡረተኛው አብራሪ አዲስ ናቸው፤ የአገሩን ዘዴ አያውቁም።

"ጋሼ! አብራሪው ጠብቁ ያሏቸውን እውነት ብለው ጠብቀው ይሆናላ!"

"እሳቸውንማ ቤታቸው ድረስ ሄጄ በቀኙ ነገርኳቸው" አሉ ጋሽ ብሆን፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጭማቂ ቀልቶ። "ሰው እስኪለምደኝ ድረስ ቀጥ አድርጌ ነው የምመክረው።"

ወይን ጠጁ ፈላ፣ ሰከነ፣ ከዝቃጩ ተለየ፣ በርሜል ውስጥ ከረመ። በርሜሎቹን እስከ አፋቸው ሞላናቸው፤ ይህን ማንም መገልበጥ አልደፈረም። ለመክፈት ጊዜው ሲደርስ ትልቁ ልጄ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ አንድ ብርጭቆ ቀመሰ። ቀለሙ ስስ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ጠጅ አይወፍርም። ግን ንጹሕ ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል የሚነፍስ ነፋስ ዓይነት ነገር አለው። እሱ ይህን ሁሉ አላለም። ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሰቀለ፣ ብርጭቆውን አስሞላ፣ ከዚያ እህቱን "ያሰብኳቸውን ክፍሎች አንድ ብቻ አድርገን ለቀማሾች ማረፊያ ብንሠራውስ?" አላት። እሷ መልስ ሳትሰጥ በርሜሉ ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች። እሱም መሐረቡን ሲፈልግ ኪሱ ሁሉ ጠፋው።

አሁን ልጄ አዲስ ሐረግ ልትተክል ነው። ቦታ መምረጥ አለባት፤ ወይን አንዴ ከተተከለ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆማልና በቦታ አይቀለድም። ባለፈው ሳምንት አጥሩ ጋ ሄዳ "ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ መገልበጥ የለም። የት ልትከል? ያሉኝ ቦታ ላይ ነው የምቆፍረው" አለቻቸው።

ሰውዬው አመድ መሰሉ። "የት ያልኩሽ ቦታ?"

"አዎ፣ ያሉኝ ቦታ።"

"ቀጥ አድርገሽ?"

"ቀጥ አድርጌ።"

"ጊዜ ስጪኝ" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ልብስ ሰፊዋ እንደነገረችኝ እራት አልበሉም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሸለቆውን ሲዞሩ ይታያሉ፤ አፈር ይዝቃሉ፣ ያሸታሉ፣ ድንጋይ ያነሣሉ። ከሁሉ የገረመው ግን ሰው መጠየቃቸው ነው። ሐኪሙን፣ አብራሪውን፣ የአውቶቡስ ሾፌሩን ሳይቀር "አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?" ይላሉ አሉ። ሾፌሩ ደንግጦ ፌርማታ አለፈ።

ትናንት ተራው የእኔ ደረሰ። እውነቱን ለመናገር፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ "መድኃኒትሽን ወሰድሽ?" ብቻ ነው። ደጅ ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ብሆን ባርኔጣቸውን አውልቀው መጡ።

"እትዬ፣ እርስዎ እዚህ ግቢ ብዙ ኖረዋል። የት ይሻላል ይላሉ?"

መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተናገሩ መስሎኝ ዞር አልኩ። ከዚያ አሰብኩ። ስለ አፈር ትምህርት የለኝም፤ መጽሐፍም አላነበብኩም። የማውቀውን ነገርኳቸው።

"ከቤቱ ጀርባ፣ ልብስ የማሰጣበት ዳገት" አልኳቸው። "ደመና በሆነ ቀን እንኳ አንሶላ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይደርቃል። ነፋሱ ከታች ይመጣል፣ ፀሐዩም ከሌላው ቦታ ቀድሞ ይገባል። ልብስ የሚደርቅበት ቦታ ወይን ይሻግታል ብዬ አላምንም።"

ጋሽ ብሆን ዳገቱን አዩት። ሄደው ቆሙበት። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ወደ ላይ አነሡ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ለኩ። ሲመለሱ ፊታቸው ተፈቷል።

"እንዴት እስከ ዛሬ ማንም እርስዎን አልጠየቀም?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኳቸው፤ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ዳገቱን እንደ አዲስ አየሁት።

"ሰኞ እናስቆፍራለን እንግዲህ። ግን እትዬ፣ ልብስዎን የት ሊያሰጡ ነው?"

ላሰጣ የምችልበት ቦታ ሦስት አራት አውቃለሁ። በረንዳው አለ፣ የጉድጓዱ ዳር አለ። ፊታቸውን አየሁት። ከምክር ከተለዩ ሳምንት አለፋቸው፤ ከስተዋል።

"እሱን እንኳ እርስዎ ይምከሩኝ" አልኳቸው።

ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ፣ ወንበሬን ስበው ተቀመጡበት፣ እኔን ቆሜ እንድሰማ አደረጉና ጀመሩ።